አይዳ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፦ የጅማው የእሁድ ፊልም ቤት

ፈረንጅ አራዳ ውስጥ ታፔላ የሌለው አንድ አዳራሽ አለ። ሳምንቱን ሙሉ ኳስ ያሳያል፤ እሁድ ከሰዓት 8 ሰዓት ላይ ግን ለጥንት ድምፅ አልባ ፊልሞች፣ ለተቀረጹ ኦፔራዎችና ባሌቶች ይለቀቃል። መግቢያው ከአንድ ስኒ ቡና ጋር 50 ብር ነው። ከ40 ሰው በላይ አይዝም። ከፊት የተደረደሩት የጅማ በርጩማዎች ናቸው፤ ለአጭር ኮሜዲ ይበቃሉ፣ ባለ አራት ገቢር ኦፔራ ሲሆን ግን ወገብ ይጨርሳሉ። ከኋላ መደገፊያ ያላቸው ጥቂት ወንበሮች ስላሉ ለኦፔራ ቀን 7 ሰዓት ተኩል ላይ መድረስ ነው። ቡናው ምንም አይወጣለትም።

እንዲህ ያለ ቤት የሚመዘነው በአንድ ነገር ነው፦ ፊልሙን የሠሩት ሰዎች ባሰቡት ልክ ያሳያል ወይ? ፍጥነቱ፣ ቅርጹ፣ ቀለሙ፣ ድምፁ። የድሮ ፊልም አይቶ የተሰላቸ ሰው ብዙ ጊዜ ያየው በተሳሳተ ፍጥነት የሚሮጥ፣ ጎኑ የተለጠጠ፣ ከየትም የተገኘ ሙዚቃ የተለጠፈበት ቅጂ ነው። ይህ ቤት ከአራቱ አንዱን በደንብ ይዟል፤ ሁለቱን ግማሽ በግማሽ፤ አንዱን ገና አልያዘውም።

መጀመሪያ የሚመሰገነው ፍጥነቱ ነው። በድምፅ አልባው ዘመን ካሜራውን የሚያዞረው የሰው እጅ ነበር። አንዱ በሰከንድ 16 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ያነሣል፣ ሌላው 20፣ ሌላው 24፤ በአንድ ፊልም ውስጥ እንኳ ይለያያል። ፍጥነቱ 24 ላይ የጸናው ድምፅ ከምስሉ ጋር አብሮ መቀረጽ ሲጀምር ነው። ስለዚህ በ18 ፍሬም የተነሣ የአንድ ሰዓት ተኩል ፊልም በ24 ሲለቀቅ በ67 ደቂቃ ተኩል ያልቃል፤ ሰዉም እሳት እንደነካው ዱብ ዱብ ይላል። ብዙ ተመልካች ይህን የድሮ ፊልም ጠባይ አድርጎ ይወስደዋል። የዚህ ቤት አሳዪ ግን ፊልሙን ከመልቀቁ በፊት አምስት ደቂቃ ያህል ሞክሮ ያያል። ፊልሙን የሚያጫውተው ቪኤልሲ በሚባለው የኮምፒውተር ማጫወቻ ስለሆነ ፍጥነቱን ወደ 0.75 ማውረድ ይችላል። የሚያየውም የሰው አካሄድ ብቻ አይደለም፤ የሚፈስ ውሃና የሚወድቅ ጨርቅ ይፈልጋል። ተዋናይ ሆን ብሎ ሊፈጥን ይችላል፣ ውሃ ግን አይዋሽም።

ይህን ዘዴ ቤታችሁ የምትሞክሩት ከሆነ ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ የዘመኑ ኮሜዲያን የኪተንና የቻፕሊን ሥራ ታስቦበት በመጠኑ እንዲፈጥን የተነሣ ነው። ልክ እንደ ሰው አካሄድ ካደረጋችሁት ቀልዱ ይሞታል። ሁለተኛ፣ ታድሶ የወጣ ቅጂ ፍጥነቱ አስቀድሞ ታርሟል፣ ሙዚቃውም በዚያው ልክ ተቀርጿል። እሱን እንደገና ማዘግየት ሙዚቃውን መጎተት ነው። ማዘግየት የሚያስፈልገው በድሮ ጊዜ በግዴለሽነት ወደ ቪዲዮ ለተገለበጠ ቅጂ ብቻ ነው።

የባስተር ኪተን «ሸርሎክ ጁኒየር» (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ ይህኛው 1924 ነው) ለዚህ ቤት የተሠራ ይመስላል። 45 ደቂቃ ነው፣ የሚተርከውም ፊልም እያሳየ እንቅልፍ ስለወሰደውና በሕልሙ ስክሪኑ ውስጥ ስለገባ አሳዪ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚመጣ ሰው ከዚህ ቢጀምር እንመክራለን።

የቅጂ ምርጫ ላይ ቤቱ ገና ይቀረዋል። ችግሩ የእሱ ብቻ አይደለም። በዚያ ዘመን ፊልም የሚታተመው ናይትሬት በሚባል ጥሬ ዕቃ ላይ ነበር። ናይትሬት ቶሎ ይቃጠላል፣ ሳይቃጠልም በመጋዘን ውስጥ ይበሰብሳል። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ2013 ባወጣው ጥናት መሠረት ከአሜሪካ ረጃጅም ድምፅ አልባ ፊልሞች በመጀመሪያ ይዞታቸው የተረፉት 14 ከመቶ ያህሉ ናቸው። የተረፉትም የተቆራረጡ፣ የተቀጣጠሉ፣ ቀለማቸው የጠፋ ሆነው ስለሚዞሩ አንድ ርዕስ ሦስት አራት ዓይነት ፊልም ሊሆን ይችላል።

ስለ አንድ ደም መጣጭ የሚተርከውን «ኖስፌራቱ»ን (1922) እንውሰድ። ቤቱ የያዘው ጥቁርና ነጭ ቅጂ ነው። ያኔ ሌሊት በካሜራ ማንሣት ከባድ ስለነበር የፊልሙ ዳይሬክተር ሙርናው የሌሊቱን ትዕይንት ብዙውን በቀን ብርሃን አነሣው፤ የሚታየውም ፊልሙ ሰማያዊ ቀለም ተነክሮ ነበር። ሰማያዊ ሌሊት ነው፣ ቢጫ የመብራት ብርሃን ነው፣ ሮዝ ንጋት ነው። ቀለሙ ሲጠፋ ደም መጣጩ በጠራራ ፀሐይ የሬሳ ሣጥኑን ተሸክሞ ሲሄድ ይታያል። መጨረሻ ላይ ደግሞ የሚሞተው በፀሐይ ብርሃን ነው። ታሪኩ ከራሱ ጋር ተጣላ ማለት ነው። ከተመልካቹ አንድ ወጣት «ቅድም ፀሐይ ላይ አልነበረም እንዴ?» ብሎ ሲጠይቅ ትክክል ነበር። ቀለም የተመለሰለት ቅጂ አለ፤ ቤቱ ያን ያምጣ።

«ሜትሮፖሊስ» (1927) ላይ ግን ምርጫው ትክክል ነው። የፍሪትዝ ላንግ ፊልም በርሊን ላይ በታየ በወራት ውስጥ ተቆራርጦ ነበር። በ2008 ቦነስ አይረስ በሚገኝ የሲኒማ ሙዚየም ውስጥ ሙሉ ለሙሉ ሊባል የሚችል የ16 ሚሊ ሜትር ቅጂ ተገኘ፤ በ2010 ወደ 25 ደቂቃ የሚጠጋ ተጨምሮበት ወጣ። የትኛው እጃችሁ እንደገባ ለማወቅ ርዝመቱን እዩ፦ ሁለት ሰዓት ተኩል አካባቢ ከሆነ የ2010ሩ ነው፤ ሁለት ሰዓት ገደማ ከሆነ ከዚያ በፊት የታደሰው፤ 80 ደቂቃ ገደማ ሆኖ የሮክ ዘፈን ካለበት የ1984ቱ ነው። ቤቱ የሚያሳየው የ2010ሩን ነው። ይሁን እንጂ አስቀድሞ አንድ ቃል ቢናገር ጥሩ ነበር። ከአርጀንቲና የተገኙት ትዕይንቶች ሲመጡ ምስሉ በቁመት መስመር ይቧጠጣል፣ ጠርዙም ጥቁር ይሆናል፤ ጭረቱ ወደ 16 ሚሊ ሜትር ሲገለበጥ አብሮ ስለታተመ ሙሉ በሙሉ ሊጸዳ አልቻለም። የማያውቅ ሰው ፋይሉ የተበላሸ መስሎት «ጋሼ፣ ፍላሹን ነቅለህ ሰካው!» ይላል። እነዚያ ጭረቶች ለ80 ዓመት ጠፍቶ የነበረው ክፍል ምልክት ናቸው፤ ሰው ይህን ቢያውቅ ዓይኑን አፍጥጦ ያያቸዋል።

የቻፕሊን «ጎልድ ረሽ»ም ሁለት ነው። የ1925ቱ በትዕይንቶቹ መሐል በሚገባ የጽሑፍ ካርድ ይተርካል። በ1942 ቻፕሊን ራሱ አሳጥሮ፣ ካርዶቹን አውጥቶ፣ በድምፁ እንግሊዝኛ ትረካ ጨመረበት። ቤቱ ያለው ይኼኛው ነው። እንግሊዝኛ ለማይሰማ ተመልካች ይህ ቅጂ ከድምፅ አልባው ይልቅ ዝግ ነው፤ ካርድ ይነበባል፣ ይተረጎማል፣ በላይ በላዩ የሚወርድ ትረካ ግን ፋታ አይሰጥም።

ወደ ካርዶቹ እንምጣ፤ የቤቱ ትልቁ ሀብት እዚህ ላይ ነው። ከስክሪኑ ጎን አንዲት ልጅ በትንሽ ባትሪ ብርሃን ወረቀት ይዛ ትቀመጣለች፤ ካርዱ በወጣ ቁጥር በአማርኛ፣ ቀጥላም በአፋን ኦሮሞ ታነባለች። ጃፓኖች በድምፅ አልባው ዘመን ቤንሺ የሚሏቸው ተራኪዎች ነበሯቸው፤ እኛም የትርጉም ፊልም የለመደ ጆሮ አለን፣ ስለዚህ ነገሩ ባዕድ አይሆንብንም። ድምጿ አይጣደፍም፣ ተዋናዩን ለመምሰል አትሞክርም፣ ያለውን ታነባለች። ሰዉ ከኋላ «እህቴ፣ ጮክ በይ እስቲ» ሲላት እንኳ ድምጿን ከፍ ታደርጋለች እንጂ አትጮኽም።

ችግሩ ጊዜው ነው። አንድ ካርድ ስክሪኑ ላይ የሚቆየው ስድስት ሰባት ሰከንድ ነው፤ በሁለት ቋንቋ ለማንበብ ደግሞ እጥፉ ያስፈልጋል። አሳዪው ፊልሙን ያቆምላታል፣ ሙዚቃውም አብሮ ይቆማል። መቶ ካርድ ባለው ፊልም መቶ ጊዜ ሲቋረጥ የትዕይንቱ ትንፋሽ ይቆረጣል። መፍትሔው ሩቅ አይደለም። ካርዱን ቃል በቃል ከመተርጎም ይልቅ ሐሳቡን በአንድ አጭር ዓረፍተ ነገር መያዝና ሁለተኛውን ቋንቋ ካርዱ አልፎ ተዋናዮቹ ሲንቀሳቀሱ ማንበብ ይቻላል፤ ወይም አንዱን እሁድ በአፋን ኦሮሞ፣ ቀጣዩን በአማርኛ ማድረግ። እኛ የመጀመሪያውን እንመርጣለን፤ ሁለቱም ቋንቋ አዳራሹ ውስጥ በየሳምንቱ አለና።

ሙዚቃ የሌለው ቅጂ ሲያጋጥም ቤቱ ከስልክ በመሣሪያ ብቻ የተቀናበረ ትዝታ ይለቃል። ቅኝቱ ያምራል፣ ቦታው ግን አይደለም። ባቡር ላይ የሚሮጥ ኪተንን በትዝታ ማጀብ ሯጩን በገመድ መያዝ ነው፤ የጉራጊኛ ምት ቢሆን እግሩን ይከተላል። «ሜትሮፖሊስ» ግን ጎትፍሪድ ሁፐርትስ ለእሱ ብሎ የጻፈው ሙዚቃ አለው፤ ቆርጠው የጣሉትን ትዕይንት ወደ ቦታው ለመመለስ ያደሱት ባለሙያዎች እንኳ የተመሩት በኖታው ላይ በተጻፉት ምልክቶች ነበር። እሱን ዝም አሰኝቶ ሌላ መልቀቅ አይገባም፤ ቤቱም ይህን አላደረገም።

ባሌት ላይ የምስሉ ቅርጽ ጉዳይ ይመጣል፤ ቤቱ የሚሳሳተውም እዚህ ነው። ድምፅ አልባ ፊልሞችና በቴሌቪዥን የተቀረጹ የድሮ መድረኮች ስፋታቸው ለቁመታቸው 4 ለ 3 ነው። የዛሬ ፕሮጀክተርና ቴሌቪዥን 16 ለ 9 ነው። ስክሪኑ እንዲሞላ ምስሉን ወደ ጎን ከለጠጡት ሰው ሁሉ በሲሶ ይወፍራል። ላለመለጠጥ ብለው ካጎሉት ደግሞ ከቁመቱ ሩቡ ይቆረጣል፤ ስምንት አንዱ ከላይ፣ ስምንት አንዱ ከታች። ከታች ያለው ምንድን ነው? እግር! ማርጎት ፎንቴይንና ሩዶልፍ ኑሬየቭ በ1966 ቪየና ላይ የተቀረጹበት «ስዋን ሌክ» እዚህ አዳራሽ ውስጥ ጎልቶ ነው የታየው። ባለሪናዋ በጣቷ ጫፍ ስትቆም የሚታየው ጉልበቷ ነው፤ ሰውነቷ ከፍ ይላል፣ ምን ላይ እንደቆመች አይታወቅም። እስክስታን ትከሻውን ቆርጦ ፊት ፊቱን ብቻ እንደማሳየት ነው። ተመልካቹም በዚያ ቀን ቀዝቅዞ ነበር፤ ፈርዶ አይደለም፣ የሚፈረድበትን ነገር አላየም።

ማስተካከያው አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ቪኤልሲ ላይ የ«ኤ» ቁልፍ ቅርጹን፣ የ«ሲ» ቁልፍ የተቆረጠውን ይለውጣል፤ «4:3» እስኪል መጫን ነው። ፕሮጀክተሩም የራሱ ቅንብር ስላለው እሱንም ማየት ያስፈልጋል፤ አንዱን አስተካክሎ ሌላውን መተው የተለመደ ስሕተት ነው። ግራና ቀኝ ጥቁር ይሆናል፤ ይሁን። ስክሪኑ ድርብ አቡጀዲ ነው፣ ጥሩ ተወጥሯል፤ ነጠላ ቢሆን ብርሃኑ አልፎ ከኋላ ያለውን ግድግዳ ያበራ ነበር። ጎንና ጎኑ ላይ ጥቁር ጨርቅ ቢሰቀል ባዶው ቦታ ከነጭራሹ አይታወቅም።

ከባሌቶቹ ምርጡ ኑሬየቭ ከአውስትራሊያ ባሌት ጋር የሠራው «ዶን ኪሆቴ» (1973) ነው። መድረክ ላይ ሲታይ የተቀረጸ አይደለም፤ ሜልቦርን ውስጥ በአውሮፕላን ማቆሚያ ሃንጋር ውስጥ ለካሜራ ተብሎ የተሠራ ነው። ካሜራው ከጨፋሪዎቹ መሐል ይገባል፣ ግን ጭፈራው ሲጀመር ወደ ኋላ ሸሽቶ መላ አካሉን ያሳያል። የተቀረጸ ባሌት ስትመርጡ መለኪያችሁ ይኼ ይሁን፤ በዝላይ መሐል ወደ ፊት ገጽ የሚጠጋ ቀረጻ ዝላዩን ሰርቋችኋል።

አሁን ኦፔራው። ለዚህ አዳራሽ ከ«አይዳ» የበለጠ የሚቀርብ የለም። ቨርዲ የጻፈው፣ ካይሮ ላይ በታኅሣሥ 1871 የታየው ይህ ኦፔራ ባለታሪኳ የኢትዮጵያ ንጉሥ የአሞናስሮ ልጅ ናት፤ ግብፅ ውስጥ ተማርካ የምትኖር። ቤቱ ያሳየው ጥቁር አሜሪካዊቷ ዘፋኝ ሊዮንታይን ፕራይስ ጃንዋሪ 3 ቀን 1985 ኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ ላይ የተሰናበተችበትን የቴሌቪዥን ቀረጻ ነው። ከዚህ የተሻለ ምርጫ አናውቅም። በ1953ቱ ፊልም ሶፊያ ሎረን ፊቷን አጥቁራ አይዳን ትሆናለች፣ የምትዘፍነው ግን ሬናታ ቴባልዲ ናት፤ ፕራይስ ግን ፊቷም ድምጿም የራሷ ነው። ሦስተኛው ገቢር ላይ አይዳ አገሬን ዳግም አላይም ብላ ስትዘፍን አዳራሹ ውስጥ ስኒ አልተንቀሳቀሰም። ኒው ዮርክ ላይ ጭብጨባው ደቂቃዎች ሲቆጠሩ አላቆመም፤ ካሜራው ፊቷ ላይ ቆይቶ ገጸ ባሕርይዋን ላለመልቀቅ ስትታገል ያሳያል። እዚህም ሰዉ ጣሊያንኛ ሳይሰማ አብሮ አጨበጨበ። አስቀድሞ የታደለው ባለ አንድ ገጽ የታሪኩ ማጠቃለያ በሁለቱም ቋንቋ ግልጽ ነበርና የትኛው ዘፈን ምን እንደሆነ ማንም አልጠፋበትም።

ከዚያ ዝናቡ መጣ። «አይዳ» በጩኸት አያልቅም። በአራተኛው ገቢር መጨረሻ አይዳ የምትወደው የግብፅ ጦር አዛዥ ራዳሜስና አይዳ በድንጋይ በተዘጋ መቃብር ውስጥ ሆነው ምድርን ይሰናበታሉ፤ ከላይ የግብፅ ንጉሥ ልጅ አምኔሪስ ሰላም ትለምናለች፤ ቫዮሊኖቹ እየቀጠኑ ይጠፋሉ። የጅማ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ያን የሚያህል ቀጭን ድምፅ አይተርፍም። አሳዪው ድምፁን ሲጨምር ስፒከሩ ተንቀጠቀጠ፤ የኳስ ቤት ስፒከር ነው፣ ቤዙም እስከ ጫፍ ተከፍቷል። ቤዙን ወደ መሐል ማውረድ ብቻ የዘፋኙን ቃል ከግማሽ በላይ ያጠራዋል። የጣሪያው ነገር ግን በስፒከር አይፈታም። ኮርኒስ እስኪሠራ ድረስ የሚሻለው ፕሮግራሙን ከሰማዩ ጋር ማስማማት ነው፦ ከሰኔ እስከ መስከረም ድምፅ አልባ ፊልም፣ ከኅዳር እስከ ጥር ኦፔራ። ጅማ ላይ ዝናብ ክረምትን ብቻ እንደማይጠብቅ እናውቃለን፤ ቢሆንም አደጋው ይቀንሳል።

ድምፁ ላይ ሌላም እንከን አለ። ስፒከሩ ከላፕቶፑ ጋር የተገናኘው በብሉቱዝ ነው፣ ብሉቱዝ ደግሞ ድምፁን እስከ ሰከንድ አንድ አምስተኛ ሊያዘገይ ይችላል። ለኳስ ማንም አያየውም። ለኦፔራ ግን አፉ ተከፍቶ ድምፁ በኋላ ይመጣል፤ ለባሌት እግር ካረፈ በኋላ ምቱ ይመታል። የኦክስ ገመድ ይበቃል። ገመድ እስኪገዛ ድረስ ቪኤልሲ ላይ የ«ጄ» ቁልፍ በተነካ ቁጥር ድምፁን 50 ሚሊሰከንድ ያስቀድማል፤ አራት ጊዜ መንካት ልዩነቱን ያጠብባል።

እንደ ዘፊሬሊ «ላ ትራቪያታ» (1982) ባለ ለሲኒማ በተሠራ ኦፔራ ላይ ደግሞ ጆሮ ያለው ሰው የሚያስተውለው ነገር አለ። ፊልሙ በሰከንድ 24 ፍሬም ነው፤ በፓል (በአውሮፓ የቴሌቪዥን አሠራር) ዲቪዲ ሲወጣ ግን 25 ይሆናል። ፍጥነቱ በ4 ከመቶ ይጨምራል፤ ካልታረመ በቀር የሁሉም ድምፅ ከግማሽ ቶን ትንሽ በሚያንስ ልክ ይቀጥናል። ቪኤልሲ ላይ ፍጥነቱን 0.96 ማድረግ ብቻውን አይበቃም፤ ፕሮግራሙ ፍጥነት ሲቀየር የድምፁን ቅጥነት እንዳለ ስለሚጠብቅ በድምፅ ቅንብሩ ውስጥ ያን ጥበቃ ማጥፋት ያስፈልጋል። ለየብቻ የወረደ የጽሑፍ ትርጉም ከዘፈኑ ቀስ በቀስ የሚለያየውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ በሁለት ሰዓት ውስጥ ወደ አምስት ደቂቃ ይደርሳል።

መብራት ሲጠፋ ቤቱ ዩፒኤስ አለው፤ ጄኔሬተር እስኪነሣ ይይዛል። ይህ የምቾት ነገር ብቻ አይደለም፤ የፕሮጀክተር አምፖል ማቀዝቀዣው ሳይሠራ በድንገት ሲጠፋ ዕድሜው ያጥራል፣ ወዲያው ልነሣ ቢልም አይነሣም።

ከማሳያው በኋላ ቤቱ በፍላሽ ይጭናል። የድምፅ አልባውን ዘመን የቆዩ ፊልሞች ያለ ችግር ይሰጣል፤ ባለቤት ያላቸውን አዳዲስ የኦፔራ ቀረጻዎች ግን አይጭንም፣ ትክክልም ነው። ለእነሱ ኦፔራቪዥንን ይጠቁማል፤ በአውሮፓ ኅብረት ድጋፍ የሚሠራ፣ የአውሮፓ ኦፔራ ቤቶችን ትርኢት ከነጽሑፉ በነፃ የሚለቅ ነው። የምስሉን ጥራት 480 ላይ ካደረጋችሁት አንድ ሙሉ ኦፔራ ከ1 እስከ 2 ጊጋባይት ይወስዳል።

ፍላሽ ስትወስዱ ፎርማቱን አስቀድማችሁ እዩ። ፋት 32 ከሆነ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም፤ ፍላሹ ባዶ ሆኖ ሳለ «ቦታ የለም» የሚላችሁ ለዚህ ነው። ኤክስፋት ይቀበላል፣ የቆየ ቴሌቪዥን ግን ላያነበው ይችላል፤ እንዲህ ከሆነ ፊልሙን ለሁለት አስከፍሉት፣ ኦፔራ ከሆነ አንዱ ገቢር አልቆ ሌላው ሲጀምር ይከፈል። ምስሉ መጥቶ ድምፅ ከሌለ ድምፁ ዲቲኤስ በሚባል የድምፅ ፎርማት የተጫነ ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ቴሌቪዥን ስለማይፈታው ወደ ኤኤሲ ይለወጥላችሁ። 8 ጊጋባይት በተራ ፍላሽ ላይ ለመጫን 20 ደቂቃ አካባቢ ይወስዳል። ተጭኖ ሲያልቅ መጀመሪያውን ሳይሆን የመጨረሻውን አሥር ደቂቃ ከፍታችሁ እዩ፤ የተቆረጠ ፋይል መጀመሪያው ላይ አይታወቅም።